ከቮልቱ በፊት ግድግዳው፦ ርካሽ የቻርጅ ድሪል መቼ ያዋጣል?

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለ10 ሰከንድ ጎልቶ ይሰማና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል]

የዛሬው ሳምንታዊ ዝግጅት የሚያተኩረው በመሣሪያ መሸጫ ሱቆች መደርደሪያ ላይ በፕላስቲክ ሻንጣ ተሰናድቶ በሚታይ አንድ ዕቃ ላይ ነው፤ እርሱም በባትሪ የሚሠራውና ግንብ እየመታ ይበሳል የሚባለው ርካሽ መሰርሰሪያ፣ በገበያ አጠራሩ ባለ ሀመር የቻርጅ ድሪል ነው።

ጥያቄው አጭር ነው፤ ዋጋው ዝቅ ያለ የቻርጅ ድሪል መግዛት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም፤ ምክንያቱም ያው አንድ ዓይነት ድሪል በአንዱ ቤት ለዓመታት ሲያገለግል በሌላው ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ሊቃጠል ይችላል፤ ይህን ልዩነት ከሚፈጥሩት ነገሮች ዋናው ደግሞ የሚበሳው ግድግዳ ነው።

ስለዚህ ገዢ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል መመርመር ይኖርበታል፤ አንደኛ ግድግዳውን፣ ሁለተኛ ባትሪውን፣ ሦስተኛ ጥገናውን። ግድግዳ፣ ባትሪ፣ ጥገና፤ እነዚህ ሦስት ቃላት በዝግጅቱ ውስጥ ደጋግመው ይሰማሉ።

[ሙዚቃው ይጠፋል፤ ለ3 ሰከንድ የድሪል ድምፅ ይሰማል]

በቅድሚያ መሣሪያውን መተዋወቅ ያስፈልጋል። ባለ ሀመር ድሪል ሦስት ሥራዎችን ይሠራል፤ ብሎን ያጠብቃል፣ እንጨትና ብረት ይበሳል፣ ግንብ ይበሳል። በአንገቱ ዙሪያ ባለው ቀለበት ላይ የብሎን፣ የፑንታና የመዶሻ ሥዕሎች የሚታዩት ለዚህ ነው። ፑንታ የሚባለው ከድሪሉ አፍ ላይ ተሰክቶ ቀዳዳውን የሚቆፍረው ጠምዛዛ ብረት ሲሆን፣ ለግንብ የሚሆነው ፑንታ ጫፉ ላይ ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር የተሠራች ትንሽ ምላስ ተበይዳበታለች።

የመዶሻው ሥዕል ምን ያመለክታል? በድሪሉ አንገት ውስጥ ጥርስ ያላቸው ሁለት የብረት ቀለበቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ ባለበት ቆሞ ሌላው ሲሽከረከር የአንዱ ጥርስ በሌላው ጥርስ ላይ እየወጣ መልሶ ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት ፑንታው እየዞረ ሳለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ ይርገፈገፋል። ፑንታው በደቂቃ 1500 ጊዜ ቢዞርና ቀለበቱ 16 ጥርሶች ቢኖሩት፣ በደቂቃ 24,000 ምት ይሆናል ማለት ነው፤ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አስደናቂ ቁጥር የሚገኘውም በዚህ ቀላል ማባዛት ነው።

ይሁን እንጂ የምት ብዛት ስለ ምት ክብደት የሚናገረው ነገር የለም። ካፊያም ብዙ ጠብታ አለው፤ ቆርቆሮ የሚያጎብጠው ግን በረዶ ነው። በእነዚህ ድሪሎች ውስጥ ያለው ምት ከካፊያ ወገን ነው፤ ጥርሶቹ የሚነሡበት ከፍታ እጅግ ትንሽ በመሆኑና ኃይሉም የሚመጣው ሠራተኛው በክንዱ ሲገፋ በመሆኑ፣ ክንድ ሲደክም ምቱም አብሮ ይደክማል።

በግንባታ ቦታዎች ብዙዎች ሂልቲ እያሉ የሚጠሩት ከባድ መሣሪያ ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በዚያ ውስጥ ሞተሩ አንድ ፒስተን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳል፤ ፒስተኑ በመካከል የታመቀውን አየር ይገፋል፤ የታመቀው አየር ደግሞ የብረት መዶሻውን ያስፈነጥራል። የምቱ ጉልበት የሚለካው ጁል በሚባል አሃድ ነው፤ 1 ጁል ማለት 1 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከ10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲወድቅ የሚያሳርፈው ምት ነው። እንግዲህ ሁለቱም መሣሪያዎች ሀመር ቢባሉም፣ አንዱ ያርገፈግፋል፣ ሌላው ይመታል።

[አጭር ዝምታ]

አድማጮች ሆይ፣ ወደ መጀመሪያው ቃል፣ ወደ ግድግዳው መምጣት የሚገባው አሁን ነው። የሚበሳው ግድግዳ ከምን የተሠራ ነው? ለዚህ ማብራሪያ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ምክንያቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ግድግዳዎች ጎን ለጎን ይገኙበታል። የሕንፃው አጽም የሆኑት ኮለኖችና ቢሞች፣ ማለትም ቋሚና አግዳሚ ምሰሶዎች፣ በፌሮ ከተጠናከረ ኮንክሪት የተሠሩ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ የሚሞላው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ነው። ልስንና ቀለም ሁለቱንም ስለሚሸፍናቸው በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ለድሪል ግን አንድ አይደሉም።

ብሎኬት ለርካሽ ድሪል የሚመች ግድግዳ ነው። የብሎኬቱ ልጣጭ ቀጭን ስለሆነ ፑንታው ልስኑንና ልጣጩን አልፎ በውስጡ ካለው ክፍት ቦታ ለመድረስ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል። እንዲያውም በብሎኬት ላይ መዶሻውን መጠቀም ብዙ ጊዜ ይጎዳል፤ የልጣጩን የውስጥ ፊት ያፈራርሰውና ቀዳዳው ከሚፈለገው በላይ ይሰፋል፤ ከዚያም ብሎኑን ይዞ ማቆየት የሚገባው ፕላስቲክ፣ ማለትም ፊሸር፣ በቀዳዳው ውስጥ ባዶውን ይዞራል። ፊሸር የሚለው ስም የመጣው ይህን የናይለን መያዣ እ.ኤ.አ. በ1958 ከፈለሰፈው ከጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ሲሆን፣ የፈጠራው ምስጢር ብሎኑ ሲገባ ፕላስቲኩ ተለጥጦ የቀዳዳውን ግድግዳ አጥብቆ መያዙ ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ይህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ በብሎኬት ላይ ቀለበቱን በፑንታው ሥዕል ላይ አድርጎ፣ ያለ መዶሻ፣ በዝግታ መጀመር የተሻለ ነው። ነገሩ አስገራሚ ይመስላል፤ ገዢው ሀመር የሚለውን ቃል አይቶ የገዛው ድሪል፣ ለብዙው የቤት ሥራ ሀመሩን አይፈልገውም።

ኮንክሪት ሲሆንስ? የመጋረጃ ዘንግ የሚሰቀልበት ቦታ፣ ከመስኮቱ በላይ፣ ብዙ ጊዜ ቢም ያለበት ነው። በዚህ ላይ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸውን ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች መብሳት በርካሽ ድሪልም ቢሆን ይቻላል፤ ሆኖም ፑንታው ከጠንካራ ጠጠር ወይም ከፌሮ ጋር ሲገናኝ ባለበት ይቆማል፣ ሠራተኛው የበለጠ ይገፋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። በዚያች ቅጽበት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጉልበት አይደለም፤ የሚያስፈልገው ድሪሉን ማቆምና ቀዳዳውን ጥቂት ሴንቲሜትር ፈቀቅ ማድረግ ነው።

ነጥቡ ይደገም፤ ለእንጨት፣ ለቀጭን ቆርቆሮ፣ ለአሉሚኒየምና ለብሎኬት ርካሹ ድሪል ይበቃል፤ ለጥቂት ትንንሽ የኮንክሪት ቀዳዳዎች በትዕግሥት ያገለግላል፤ በየቀኑ ኮንክሪት ለሚበሳ ወይም ጥቁር ድንጋይ ለሚያጋጥመው ባለሙያ ግን አይሆንም።

[አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ]

ሁለተኛው ቃል ባትሪ ነው። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 ገመድ አልባ ድሪል ለገበያ ሲያቀርብ የመሣሪያው ትልቁ ፈተና ባትሪው ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበረው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ከባድና አቅሙ ውስን ነበር። ዛሬ ሊቲየም አዮን የሚባለው ቀለል ያለና ብዙ ጉልበት የሚይዝ ባትሪ ቦታውን ወስዶታል፤ ሆኖም በርካሽ ድሪል ላይ ዋጋ የሚቀነሰው በቅድሚያ ከዚሁ ከባትሪው ነው።

የድሪል ባትሪ ሲከፈት በውስጡ ምን ይገኛል? በሬዲዮ ውስጥ ከሚገባው የባትሪ ድንጋይ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ሴል የሚባሉ ትንንሽ ክብ ዘንጎች ተደርድረው ይገኛሉ። በብዛት የሚሠራበት ሴል 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ አንዱ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት፣ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ 4.2 ቮልት ይሰጣል። አምስት ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ አማካዩ 18 ቮልት፣ ሙሉው ደግሞ 21 ቮልት ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ድሪል 18፣ ሌላው 20፣ ሦስተኛው 21 ቮልት ተብሎ ሲጻፍበት ሦስቱም ያው አምስት ሴል ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በዚህ የቁጥር ልዩነት ብቻ ዋጋ መጨመር አይገባም።

በመለያው ላይ 48 ወይም 88 ቁጥር ከተጻፈስ? 48 ቮልት ለማግኘት 13 ያህል ሴሎች፣ 88 ቮልት ለማግኘት ደግሞ 24 ያህል ሴሎች በተከታታይ መያያዝ አለባቸው፤ አንዱ ሴል ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ስለሆነ 24 ሴሎች ያለ ሽፋናቸው ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። በመዳፍ ውስጥ የምትገባ ቀላል ባትሪ 88 ቮልት ናት ሲባል፣ ሚዛኑ ራሱ ሐሰቱን ይመሰክራል። በአንዳንዶቹ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ቪኤፍ የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ቪኤፍ የሚባል የቮልት መለኪያ ግን የለም። ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሺያን የባትሪውን ሁለት ጫፎች ለክቶ እውነቱን ወዲያው ሊያውቅ ይችላል።

ቮልት ብቻውን ግን ሙሉ መረጃ አይሰጥም። በሰገነት ላይ የተቀመጠ የውሃ ሮቶ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሮቶው የተቀመጠበት ከፍታ ውሃው የሚወርድበትን ግፊት ይወስናል፣ ይህ ቮልትን ይመስላል፤ የሮቶው ስፋት ደግሞ ውሃው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይወስናል፣ ይህም አምፔር ሰዓት የሚባለውን መለኪያ ይመስላል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ሆዱ ግን ትንሽ የሆነ ሮቶ ቶሎ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ አምፔር ሰዓቱ ትንሽ የሆነ ባትሪም ሥራው ሳይጋመስ ያልቃል።

አምፔር ሰዓቱ በትክክል መጻፉን ለማወቅ ምን ዘዴ አለ? ሁለት ቀላል ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው ሚዛን ነው፤ በዚያ መጠን የሚሠራ አንድ ጥሩ ሴል ከ3.5 አምፔር ሰዓት ብዙም ስለማያልፍ፣ ባለ አምስት ሴል የሆነች ቀላል ባትሪ 6 አምፔር ሰዓት አላት ሲባል ማመን አይገባም፤ እውነተኛው ትልቅ ባትሪ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ አሥር ሴሎች ስላሉት ሴሎቹ ብቻ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናሉ።

ሁለተኛው ዘዴ ሰዓት መቁጠር ነው። በቻርጀሩ ጀርባ ላይ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ቻርጀሩ 1 አምፔር የሚሰጥ ከሆነና ባዶው ባትሪ በ1 ሰዓት ተኩል ከሞላ፣ ባትሪው የያዘው ከ1 ተኩል አምፔር ሰዓት አይበልጥም፤ በላዩ ላይ 4 ተብሎ ቢጻፍም ከጽሑፉ ይልቅ ሰዓቱ ይታመናል። ሚዛንና ሰዓት፤ እነዚህ ሁለት ምስክሮች በየቤቱ ይገኛሉ።

[አጭር ዝምታ]

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሣል፤ በዚያው ዋጋ ገመድ ያለው ድሪል ቢገዛስ? በ220 ቮልት የሚሠራ አነስተኛ ድሪል 600 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህን ያህል ጉልበት ከ18 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ከ33 አምፔር በላይ መሳብ ያስፈልጋል፤ ርካሽ ሴሎች ይህን ሲጠየቁ ቮልታቸው ይወርዳል፣ ይግላሉ፣ ድሪሉም ይዝላል። በተመሳሳይ ዋጋ ኮንክሪትን በተሻለ የሚበሳው እንግዲህ ባለ ገመዱ ነው። በአንጻሩ መብራት በሌለበት ሰዓት፣ ጣሪያ ላይ ዲሽ ሲገጠም፣ ወይም ሶኬት ርቆ መሰላል ላይ ሲወጣ የገመድ አልባው ጥቅም በምንም አይተካም። ምርጫው የሚወሰነው ሥራው ባለበት ቦታ ነው።

ገዢው ሱቅ ውስጥ ገብቶ ድሪሉን በእጁ ሲይዝ ምን ይመርምር? ካርቶኑን ትቶ መሣሪያውን ይመርምር። በቅድሚያ ቀጥ ያለ ፑንታ ሰክቶ በዝግታ ያዙረው፤ የፑንታው ጫፍ በአንድ ነጥብ ላይ ከዞረ መልካም ነው፣ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ግን ቀዳዳው ሁልጊዜ ይሰፋል። ቀጥሎ ማስነሻውን በጣቱ በጥቂቱ ይጫን፤ ደህና ድሪል ቀስ ብሎ ተነሥቶ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ መጥፎው ግን ወይ አይነሣም ወይ በድንገት ይፈተለካል።

ከዚያም በአንገቱ ላይ ያለውን ባለ ቁጥር ቀለበት ይሞክር፤ ይህ ቀለበት ብሎኑ ሲጠብቅ ድሪሉ በራሱ እንዲፈታ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ በትንሹ ቁጥር ላይ ሆኖ ፑንታ መያዣው በእጅ ሲያዝ ጠቅ ጠቅ እያለ መንሸራተት አለበት። በጀርባው ያለውን የማርሽ መቀየሪያ ከ1 ወደ 2 ይለውጥ፤ 1 ዝግተኛና ጉልበተኛ፣ ለብሎን የሚሆን ነው፤ 2 ፈጣን ሲሆን ለመብሳት ያገለግላል። በመጨረሻም በሻንጣው ውስጥ ያሉትን ፑንታዎች ብዛት አይቶ አይደሰት፤ ከርካሽ ድሪል ጋር የሚመጡት ፑንታዎች ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚደንዙ ናቸው። አንድ ጥሩ የግንብ ፑንታ ለብቻ መግዛት ርካሹን ድሪል ከተጠበቀው በላይ ያሠራዋል።

[ለ5 ሰከንድ ዝግ ያለ ሙዚቃ]

የፑንታን ነገር በተመለከተ እጅግ ሩቅ ከሆነ ቦታ የተገኘ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአፖሎ 15 ጉዞ ዴቪድ ስኮት የተባለው ጠፈርተኛ የጨረቃን አፈር በባትሪ በሚሠራ ባለ ምት መሰርሰሪያ ሲቆፍር፣ ለሙቀት መለኪያ የታሰቡት ሁለት ጉድጓዶች ከታቀደላቸው 3 ሜትር ያህል ጥልቀት ሳይደርሱ ቀሩ። አፈሩ ከተገመተው በላይ የታመቀ ነበር፤ በመሰርሰሪያው ዘንግ ላይ ያለው ጠመዝማዛ መስመርም በመገጣጠሚያው ላይ ይቋረጥ ስለነበር የተቆፈረውን ወደ ላይ ማውጣት አቃተውና ተጣበቀ። ለቀጣዩ ጉዞ ዘንጉ እንደገና ተሠራ።

ትምህርቱ ለቤትም ይሠራል፤ ቀዳዳው ውስጥ የታመቀ አቧራ የድሪል ጠላት ነው። ስለዚህ በየጥቂት ሴኮንዱ ፑንታውን እያዞሩ ወደ ውጭ መሳብ፣ አቧራውን ማውጣት፣ ፑንታው እስኪበርድ መታገሥና እንደገና መቀጠል ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ርካሽ ድሪሉን ያቆየዋል፤ በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ የሚል ግን፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ፑንታውንም ሞተሩንም ያጣል።

ሦስተኛው ቃል ጥገና ነው። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ዋና ጥያቄ ምንድን ነው? ባትሪው ሲሞት ሌላ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። የባትሪው ቅርጽ በሌሎች ሱቆችም በብዛት ከሚሸጠው ጋር አንድ ከሆነ፣ ድሪሉ ሁለተኛ ዕድሜ አለው፤ ቅርጹ የብቻው ከሆነ ግን ባትሪው ባለቀ ቀን ድሪሉም አብሮ ያልቃል። ቻርጀሩም እንዲሁ ለብቻ መገኘት አለበት።

ሞተሩን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ካርቦን የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ቁራጮች ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሱለት ሲሆን፣ እነዚህ ካርቦኖች ከሥራ ብዛት እየተፋቁ ያልቃሉ። ሁለተኛው ብራሽለስ የሚባለው ካርቦን የሌለው፣ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚመራ ሞተር ነው፤ ባትሪ ይቆጥባል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ ሆኖም ሰሌዳው ከተቃጠለ ጥገናው ቀላል አይደለም። በወር አንዴ ለሚሠራ ቤተሰብ ባለ ካርቦኑ ይበቃል።

[አጭር ዝምታ]

እንግዲህ የተጠየቀው ጥያቄ መልሱን ያግኝ። ርካሹ የቻርጅ ድሪል የሚያዋጣው ለማን ነው? ግድግዳው ብሎኬት ለሆነ ቤተሰብ፣ መደርደሪያና መጋረጃ ለሚሰቅል፣ የተላቀቀ ማጠፊያ ለሚያጠብቅ፣ በዓመት ጥቂት ደርዘን ቀዳዳ ለሚበሳ ሰው ያዋጣል። የማያዋጣውስ ለማን ነው? በድሪል እንጀራውን ለሚያበስል ባለሙያ አያዋጣም፤ መሣሪያው ሥራ መካከል ሲቆምበት ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚከስረው የደንበኛውን እምነት ነውና። በዓመት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ከጎረቤት መዋስ ወይም ባለሙያ ጠርቶ ማሠራት ይሻላል፤ ለእርሱ ድሪል መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንበታል።

ስለ ደኅንነት ሦስት ነገሮች ሳይነሡ መታለፍ የለባቸውም። የኮንክሪት አቧራ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ አፍና አፍንጫ፣ እንዲሁም ዓይን መሸፈን አለባቸው። ከማብሪያና ከሶኬት በቀጥታ በላይና በታች ባለው መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊያልፍ ስለሚችል በዚያ ላይ መብሳት አይገባም። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ከልክ በላይ የሚግል ባትሪ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ደህናውም ቢሆን በአልጋና በብርድ ልብስ ላይ ተሰክቶ ማደር አይገባውም።

[የመዝጊያ ሙዚቃ ከሩቅ ይጀምራል]

የዛሬው ትምህርት በሦስቱ ቃላት ይጠቃለላል፤ ግድግዳ፣ ባትሪ፣ ጥገና። ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ኮንክሪት? ባትሪው በሚዛንና በሰዓት ሲፈተን ጽሑፉን ይመስላል ወይ? ባትሪው ሲያልቅ ምትኩ ይገኛል ወይ? ሦስቱም በጎ መልስ ካገኙ የዋጋው ዝቅ ማለት በረከት ነው።

ለሚቀጥለው ሳምንት ለአድማጮች አንድ የቤት ሥራ ይሰጣል። ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት እያንዳንዱ አድማጭ ዕቃ ሊሰቅልበት ያሰበውን ግድግዳ በጣቱ አንጓ ከግራ ወደ ቀኝ እያንኳኳ ያዳምጥ፤ ክፍት ድምፅ የሚሰጠው ብሎኬት፣ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ኮለን ወይም ቢም መሆኑን ይለይ፣ በእርሳስም ምልክት ያድርግ። ከምልክቶቹ አብዛኞቹ በብሎኬቱ ላይ ከዋሉ ርካሹ ድሪል ይበቃዋል፤ በድፍኑ ላይ ከዋሉ ግን ገንዘቡን ይያዝ። ደህና ሰንብቱ።

[ሙዚቃው ከፍ ብሎ ዝግጅቱ ያበቃል]